የእማማ ብርቄ ሸራና የእኔ ሰፈፍ

ሰው አማቶቹ ቤት ማዕድ ሲቀርብ አፉን መክፈት ያለበት ለመጉረስ ብቻ ነው። ይህን ምክር ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ አፍንጫዬ የሌላ ሰው አፍንጫ መስሎ ከከረመ በኋላ የደረስኩበት ነው። ስለ አፍንጫዬ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ከምሳው ልጀምር።

የባለቤቴ የምህረት አባት ጋሽ ዳና ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባ አላቸው። እንግዳ ጭነው አዞና ጉማሬ ያሳያሉ። ጀልባዋ ከፀሐይና ከዝናብ የሚከልል የሸራ ጣሪያ አላት፤ ድሮ አረንጓዴ ነበረ አሉ፣ ዛሬ ግን ቀለሙ ምን እንደሆነ ቤተሰቡም አልተስማማም። ሸራውን ከአሮጌ ድንኳን ቆርጠው የሰፉት የምህረት እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እማማ ብርቄ ናቸው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበሩ። መሃሉን በእግር በሚረገጠው መኪናቸው ገጣጥመው፣ ጠርዙን ግን «መኪና አይታመንም» ብለው ዙሪያውን በእጃቸው ሰፍተውታል። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ጋሽ ዳና ሲስቁ ያየ ሰው የለም። ይሠራሉ፣ ይበላሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፤ ሳቅ ግን የለም።

ከመስቀል በፊት ባለው እሁድ፣ ምሳ ላይ፣ ጋሽ ዳና ድምፃቸውን ሳይቀይሩ አንድ ነገር ተናገሩ። የጀልባ ማህበሩ ተቆጣጣሪ ጣሪያው ያፈሳል ብላለች። ለመስቀል አገሩ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመጣል፤ ጀልባ ሁሉ ይፈተሻል። የሚያፈስ ሸራ አውልቆ ሰማያዊ ላስቲክ ያላለበሰ ተራ አይገባም። ይህን ብለው «እንግዲህ ትውለቅ» አሉና እጃቸውን ከማዕዱ አነሱ። ምህረት ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ምንም የማያጥብ የቧንቧ ውሃ ድምፅ ሰማሁ።

እኔ ደግሞ ጓዳ ውስጥ የሚፈስ ውሃ አልችልም። «እኔ አለሁ» አልኩ።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል። የእኔ ጭንቅላት ውስጥ በዚያ ሰዓት ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። እኔ ሲቀላ ውስጥ የሞባይል ሽፋን ነው የምሸጠው። ሽፋን ሽፋን ነው ብዬ አሰብኩ። ውሃ የማያስገባ ሽፋን ለስልክ ካለ ለጀልባ የማይኖርበት ምን ምክንያት አለ?

ጋሽ ዳና ቀና ብለው አዩኝ። «ታድናታለህ?» አሉኝ።

በጋሽ ዳና አማርኛ ሸራም ጀልባም ሞተርም ሴት ናቸው። የኦቾሎ ሰው ናቸው፤ ጋሞኛ ነው የአፍ መፍቻቸው። መጀመሪያ የቋንቋ ነገር መስሎኝ ነበር፤ ስውል ሳድር የሚወዱት ነገር ሁሉ ሴት እንደሆነ ገባኝ። እኔን «አንተ» ይሉኛል።

«አድናታለሁ» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ወርጄ ሸራውን አወለቅን። ጠቅልለን ባጃጅ ላይ ልናጋድመው ስንል ባለባጃጁ አፍንጫውን ያዘ። የዓሣው ሽታ ካልተሸፈነ አልጭንም አለ። ለሽፋን ሽፋን መፈለግ ሙያዬ ስለሆነ ጋቢዬን አውልቄ ጥቅሉን ከራስ እስከ እግር ጠቀለልኩት። ከላይም ከታችም በገመድ አሰርኩት። ወንበሩ ላይ አጋድሜ፣ እኔ ጥግ ይዤ፣ እንዳይወድቅ በእጄ አቅፌው ጉዞ ጀመርን።

ሲቀላ ስንደርስ ሰዎች ከመንገድ ዳር መነሳት ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አወለቁ። ሁለት ባጃጆች ፍጥነታቸውን ቀንሰው ከኋላችን ተሰለፉ። ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ማንጎ የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ባጃጁ ስትሮጥ ነው።

«ማነው? የማን ቤት ነው?» አለችኝ።

ደንግጬ እውነቱን ተናገርኩ። «የእማማ ብርቄ ሸራ ነው» አልኳት።

ያስቃታል ብዬ ነበር። ሴትዮዋ ግን ጥቅሉን በመዳፏ ነካችው። የሰርጌን ቀሚስ የሰፋችልኝ እሷ ናት ብላ፣ ቀድሞ በስህተት የጀመረችውን ለቅሶ በእውነት አለቀሰችው። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ማንጎ አሸከመችኝ። ከኋላ ተሰልፈው የነበሩት ባጃጆች የማንም ሬሳ አለመሆኑን ሲረዱ ተሳድበው አለፉ። እኔም ነገሩ የሸራ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ገብቶኝ ግን አልተመለስኩም፤ ወደ ቤታችን በሚያወጣው የሴቻ ዳገት ላይ ባጃጅ ማዞር አስቸጋሪ ነው።

ዘዴውን ያገኘሁት ስልኬ ላይ ነው። አንድ ጢማም ፈረንጅ ዝንብ የሌለበት ጋራዥ ውስጥ ቆሞ የተልባ ዘይትና የንብ ሰም ቀላቅሎ አሮጌ ሸራ ይቀባል። ቀብቶ ሲጨርስ ውሃ ያፈስበታል፤ ውሃው እየተንከባለለ ይወርዳል። ፈረንጁ ፈገግ ይላል። ይኸው ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ ግን የተልባ ዘይት የሚሸጥ ሱቅ አላገኘሁም። ተልባ ራሱ ግን በጆንያ ነው። ዘይቱ ያለው ተልባው ውስጥ አይደለም እንዴ? ታዲያ ከነቤቱ ብጠቀምበት ምን ይላል?

ቅመም የሚሸጡት ሀጂ ተልባውን እየሰፈሩ ለምን ያህል ሰው እንደሆነ ጠየቁኝ። ጾም ነው ወይስ ተዝካር? ለጀልባ ነው አልኳቸው። ሀጂ መስፈሪያቸውን አስቀምጠው ትንሽ አዩኝ፣ መልሰው አነሱትና አላህ ያግዝህ ብለው ጨምረው ሰፈሩልኝ።

ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ እንዲሉ፣ እኔም ምህረት ብትናገር ጎረቤት ቢስቅ አልሰማም ብዬ ቆላሁ፣ ወቀጥኩ፣ በጥብጬ አፈላሁ። ግቢያችን ውስጥ ሸራውን ዘርግቼ በመጥረጊያ ቀባሁት። ምህረት በር ላይ ቆማ አየችኝ፤ ይሄ ነገር እንጀራ ብቻ ነው የቀረው ብላ ገባች። ፀሐዩ ጥሩ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደረቀ። ባልዲ ሙሉ ውሃ ደፋሁበት።

አንድ ጠብታ አላለፈም። ምህረትን ጠራኋት። ጎን ለጎን ቆመን አየን፤ እጇንም ትከሻዬ ላይ አድርጋለች፤ ደስ የሚል ሰዓት ነበር። ተልባ ውሃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን በኢትዮጵያ ምድር የማያውቅ ሰው የለም፣ በዚያን ቀን ከእኔ በቀር። ሸራው ቀስ ብሎ አበጠ። ከዚያ መንሸራተት ጀመረ። ውሃውን አላሳለፈም፣ እውነት ነው፤ ይዞት ቀረ። በጠርዙ በኩል የሚንጠባጠበው ወፍራም ነገር እስኪመሽ አላባራም።

ነገ አጥበዋለሁ ብዬ ተኛሁ። ሴቻ ላይ ግቢያችሁ ወደ ጫካው የሚያይ ከሆነ ነገ የምትሉት ነገር የእናንተ ብቻ አይደለም። ጠዋት በሩን ስከፍት የዝንጀሮ ቤተሰብ ከነአያቱ ሸራው ላይ ተቀምጧል። ይልሳሉ። እናትየው ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ ትልሳለች። አባትየው ጥግ ጥጉን በጥርሱ ይዞ ይጎትታል። መጥረጊያዬን አንስቼ ሮጥኩ። አባትየው ዞሮ ጥርሱን አሳየኝ፤ እኔም ለጊዜው አክብሬው ቆምኩ። እሱ ግን ለመጨረሻ ጊዜ ሲጎትት ሸራው ጥጉ ላይ ተተረተረ። ድምፁን ዛሬም እሰማዋለሁ።

ዝንጀሮዎቹ ሄዱ። ምህረት መጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። መሬት ላይ ቁጭ ብላ የተቀደደውን ጥግ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። የተተረተረው የእጅ ስፌቱ ነው። ክሩን በጣቷ ስታስተካክል ቆየች።

«የእናቴ እጅ እኮ ነው» አለችኝ።

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እስከዚያ ድረስ ነገሩን የወሰድኩት እንደ ፈተና ነበር፤ ብወድቅ እኔ እወድቃለሁ ብዬ። ለካ የሚወድቀው የሰው እናት ሥራ ነው። ልብስ ሰፊ ጋ እንውሰደው ስትለኝ እምቢ አልኩ፤ እኔ ያስቀደድኩትን እኔ እሰፋለሁ ብዬ የጆንያ መርፌ ፈልጌ ያቺን ጥግ ሰፋሁ። ስፌቴን አሁን አልገልጽላችሁም። ምህረት አይታው «ይሁን» ብላለች።

አጥበን ካደረቅን በኋላ የቀረኝ የፈረንጁ ሁለተኛ መድኃኒት ነው፤ ሰም። ሰፈራችን ያለች ጠጅ ጣይ ከጠጁ የተረፈውን ሰፈፍ በፌስታል ሞልታ ሰጠችኝ። ስትሰጠኝ ማሩን አጥበህ፣ አንጥረህ፣ ደጋግመህ አጣርተህ ነው ብላኛለች። እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «ነው» የሚለውን ነው። ማር ማንን ጎድቶ ያውቃል?

ይህን ጊዜ ግን ምህረት አብራኝ ሠራች። ሰፈፉን አቅልጠን ቀባን። ሰሙ ሸራው ውስጥ እንዲገባ መተኮስ አለበት ስላት ወደ ቤት ገብታ የእናቷን የከሰል ካውያ ይዛ መጣች። እማማ ብርቄ ካረፉ ወዲህ ፍም አላየም። እሷ ተኮሰች፣ እኔ ወጠርኩ። የማር ሽታው ሰፈሩን ሞላው። ስትተኩስ ስለ እናቷ አወራችኝ፤ ጠርዙን ሲሰፉ ጣታቸውን መርፌ ወግቷቸው አባቷ መርፌዋን ሐይቅ ውስጥ ሊወረውሩ እንደተነሱ ነገረችኝ። ስታወራ ሳቀች። ባልዲውን አመጣሁና ደፋሁ። ውሃው እንደ ፈረንጁ ተንከባሎ ወረደ፤ ስንጠብቅ ቆየን፣ አላበጠም።

የፍተሻው ዋዜማ ሸራውን ጀልባዋ ላይ መልሰን ወጠርነው። ጋሽ ዳና በጠርዙ ላይ መዳፋቸውን ከዳር እስከ ዳር አሳለፉ። እኔ የሰፋሁት ጥግ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ትንሽ ቆመና አለፈ። «ሎኦ» አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ያን ማታ እኔ በሰላም ተኛሁ።

ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ጀልባው ከጋሽ ዳና ጀልባ አጠገብ የሚቆመው ካሳሁን ነው።

«ጀልባችሁ ላይ ገብተዋል» አለኝ።

«እነማን?»

«ብዙ ናቸው» ብሎ ዘጋው።

የንብ መንጋ ነበር። ከሸራው ስር፣ መሃል ላይ፣ የጎልማሳ ሰው ክንድ ያህል ተንጠልጥለዋል። የመስቀል ሰሞን አበባው ሲፈነዳ ንብ መንጋ ትለቃለች። ኦቾሎም ሆነ ጨንቻ ያለ ንብ አርቢ አዲስ ቀፎውን ውስጡን ሰም የሚቀባው ይህች መንጋ ሸትቷት እንድትገባለት ነው። ጎረምሳ ሁሉ የሚያውቀውን ይህን ነገር ዘንግቼ፣ ከነማሩ ቀብቼ፣ በካውያ ተኩሼ፣ ጫሞ ላይ ትልቁን ቀፎ አዘጋጅቼ ነበር።

ስደርስ ጠቡ ተጀምሯል። ካሳሁን የፍሊት ቆርቆሮ ይዟል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለመስቀል የመጡ እንግዶች ዳር ላይ ተኮልኩለው ይጠብቁታል፣ አንዱ ከተነደፈ ደግሞ ቀኑ ለሁሉም አበቃ። ጋሽ ዳና በእሱና በጀልባዋ መካከል ቆመዋል። እኒያ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የማያውቅ ሰው ይጮኻሉ።

«በራሷ የመጣች ንብ አትባረርም» አሉ። «የገባችው ብርቄ ቤት ነው። መርዝ አትረጭባትም።»

ካሳሁን እንግዲያውስ ሸራው ከነንቡ ይውለቅ አለ። የጋሽ ዳና ዘመዶች መጡ፣ የካሳሁን ጓደኞች መጡ፤ አንድ ሁለት ሰው መቅዘፊያ አነሳ። እኔ የማየው ግን ጋሽ ዳናን ብቻ ነበር። ላተርፍላቸው የነበረው ሸራ በእኔ ሰፈፍ ምክንያት ፍሊት ሊጠጣ ነው፤ ከእሱ በኋላ ደግሞ የሚመጣው ሰማያዊው ላስቲክ ነው።

በጋሞ አገር ሰው እርጥብ ሳር ይዞ ጠበኞች መካከል ከተንበረከከ ጠቡ ያበቃል። ሳሩን ረግጦ የሚያልፍ የለም። ይህን የሚያደርጉት ግን በአገር የታወቁ የተከበሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የሞባይል ሽፋን ነጋዴ ሲያደርገው አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ሽማግሌ እስኪጠራ ደግሞ ጊዜ የለም። ወደ ውሃው ዳር ሮጥኩ። አንድ ግንድ ተሻግሬ ሁለት እጅ ሙሉ ሳር ነቀልኩ፤ ግንዱን መልሼ ተሻግሬ መጣሁ። ግንድ እንዳልነበረ በኋላ ነው የነገሩኝ።

በጋሽ ዳናና በካሳሁን መካከል በጉልበቴ ወደቅኩ። ሳሩን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ምን እንደሚባል ስለማላውቅ ዝም አልኩ። ያን ጊዜ አንዲት ንብ መጥታ አፍንጫዬ ላይ አረፈች። እጆቼ ሳር ይዘዋል። ሳሩን ብጥል እርቁ ይፈርሳል። ንቧም ይህን የተረዳች ይመስል አልቸኮለችም፤ ቦታ መርጣ ነደፈችኝ። እንባዬ በጉንጮቼ ወረደ። ሕዝቡ በእርቁ ልቤ ተነክቶ የማለቅስ መሰለው። አንዲት እናት «ልጁን እዩት» ብለው አብረውኝ አለቀሱ።

ካሳሁን ሳሩን አየ። የፍሊቱን ቆርቆሮ መሬት ላይ አስቀመጠ። «ለሳሩ ስል» አለ። ጋሽ ዳናም ትከሻቸውን ዝቅ አደረጉ፤ መቅዘፊያዎቹም ወረዱ።

በዚህ መሃል የማህበሩ ተቆጣጣሪ ወይዘሮ ትዕግስት ጥላዋን ዘርግታ ደረሰች። የተንበረከከ ሰው፣ የሳር እቅፍ፣ ያበጠ አፍንጫ አየች። ከዚያ ንቦቹን አየች። ቆፍጣና ሴት ናት፣ ነገር አታረዝምም። የጣሪያውን ሁኔታ ለማየት ውሃ ማፍሰስ እንዳለባት፣ ንብ ላይ ደግሞ ውሃ እንደማታፈስ፣ ያልተፈተሸ ሸራ ዛሬውኑ መውረድ እንዳለበት ተናገረች። ጋሽ ዳና ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። እኔ ልለምናት ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ እብጠቱ ወደ ከንፈሬም ወርዶ ስለነበር የወጣው ቃል የማንም ቋንቋ አልነበረም።

የአርባ ምንጭ ዝናብ ቀጠሮ አያውቅም፤ በዚያን ቀን ግን የተጠራ ይመስል ነበር። ከጨንቻ ተራራ በኩል ጠቁሮ ወርዶ ለማውራት እንኳ ጊዜ ሳይሰጥ ለቀቀው። ሁላችንም ዛፉ ስር ተጠጋን። የካሳሁን ሰማያዊ ላስቲክ ውሃ አቁሮ፣ ሆዱ ወርዶ፣ በመጨረሻ ተሰንጥቆ ወንበሮቹ ላይ ተደፋ። ካሳሁን ላስቲኩን አየ፤ እኛ ሐይቁን አየን።

ወይዘሮ ትዕግስት ጥላዋን ይዛ ወደ ጋሽ ዳና ጀልባ ተጠጋች። አንገቷን ሰገግ አድርጋ ረጅም ጊዜ ከሸራው ስር አየች። ዝናቡ ሸራው ላይ ይደበድባል፤ ንቦቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ተመልሳ መጣች።

«አንዷም አልረጠበችም» አለች። «አልፏል። ንቦቹ ሲሄዱላችሁ ተራ ግቡ።»

ጋሽ ዳና በዝናቡ ውስጥ ሄደው ጀልባዋ ላይ ወጡ። ከሸራው ስር፣ ንቦቹ አጠገብ፣ ቁጭ አሉ። አንዲትም አልነካቻቸውም። ጣታቸውን ጠርዙ ላይ ሲያሳልፉ ከሩቅ አየኋቸው። ከዚያ ዘወር ብለው በእጃቸው ጠሩኝ።

«ና ግባ፤ አትነካህም» አሉ።

አፍንጫዬ ላይ ሌላ የሚነካ ቦታ ስላልቀረ ገባሁ። ከንቦቹ የራቀውን ጥግ መርጬ ተቀመጥኩ። ከውጭ ሐይቁና ሰማዩ አይለዩም፤ ከውስጥ ግን ደረቅ ነው፣ ማር ማር ይሸታል። ሁለታችንም ዝናቡን ሰማን። እማማ ብርቄ እዚያው መካከላችን የተቀመጡ መሰለኝ፤ ለጋሽ ዳናም ሳይመስላቸው አልቀረም።

አናቴ ላይ አንድ ጠብታ አረፈ። ቆይቶ ሌላ። ቀና አልኩ። በቁመቱም በወርዱም አንድ ጠብታ የማያስገባ ሸራ፣ እኔ በጆንያ መርፌ የሰፋኋት ያቺ ጥግ ላይ ብቻ ያፈሳል፤ እኔ ደግሞ ከጀልባው ሁሉ መርጬ ልክ ከስሯ ተቀምጫለሁ።

ጋሽ ዳና ስፌቱን አዩ። አፍንጫዬን አዩ። መልሰው ስፌቱን አዩ። መጀመሪያ ደረታቸው ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ብዙ ጊዜ ሳይነሳ እንደቆመ ሞተር ተንከትክተው ሳቁ። ዳር ላይ ምህረት ደርሳ ኖሮ የአባቷን ሳቅ ሰምታ ዝናቡ ውስጥ ቆማ ቀረች።

«የሷ አያፈስም» አሉ ጋሽ ዳና ዓይናቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ። ከዚያ ፈቀቅ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። «ወደዚህ ና፣ ልጄ። ወደሷ በኩል ተጠጋ።»

ተጠጋሁ። በሷ በኩል ደረቅ ነበር።